ሥጋ ለዓመት በዓል ብቻ ሲሆን ማዕዱ ላይ ምን ይተካ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው፤ ሪህ ይዞት የእግሩ አውራ ጣት ማበጥ ከጀመረ ሰነበተ፣ ለስኳሩም ለዓመታት ሜትፎርሚን ሲወስድ ቆይቷል። ሐኪሙ “ሥጋ ቀንስ” ስላለው ተመካክረን ሥጋ ለዓመት በዓል ብቻ እንዲሆን ወሰንን። በቀረው ጊዜ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ነው የምንበላው። አማቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ አጽዋማቱን በሙሉ ይጾማሉ። ሴቷ ልጄ 15፣ ትንሹ ደግሞ 4 ዓመቱ ነው። የባለቤቴ እህት “ልጆቹን ልታቀጭጫቸው ነው” ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ “ሪህ ላለበት ሰው ሽሮና ምስርም ክልክል ነው” አለችኝ። ታዲያ ምን እንብላ? ኪኒን መግዛትስ አለብን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎ ውስጥ አራት ሰው አለ፤ መልሱም ለአራቱ አንድ አይደለም። ለባለቤትዎ የሚበጀው ለሴት ልጅዎ የማይበቃበት፣ ለእሷ የማዘው ደግሞ ለእሳቸው የማይሆንበት ቦታ አለ። ስለዚህ ድስቱ አንድ ቢሆንም ሰው በሰው እየለየሁ ልመልስልዎ።

ውሳኔያችሁን አልነቅፍም፤ በተለይ ለባለቤትዎ ጥሩ ውሳኔ ነው። “ሥጋ ያልበላ ሰው አቅም የለውም” የሚባለውን ይተዉት። በሌላ በኩል “የጾም ምግብ አባቶቻችንን ሲያኖር የኖረ ነው፣ ምን ይጎድለዋል?” የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የጾሙ ማዕድ ብቻውን ያኖረው ትውልድ የለም። ከዐቢይ ጾም 55 ቀን በኋላ ፋሲካ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾሙባቸው 50 ቀናት አሉ። ወተቱ፣ እርጎው፣ አይቡ፣ እንቁላሉና ዶሮው ጾሙ ያጎደለውን በየተራ ሲሞሉ ኖረዋል። እናንተ አሁን ጾሙን አላበዛችሁም፤ ፍስኩን ነው ያስቀራችሁት። ስለዚህ ፍስኩ ይሰጣችሁ የነበረውን ከዛሬ ጀምሮ ከየት እንደምታገኙት ማወቅ አለባችሁ።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ለፕሮቲን ነው፤ እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምጨነቀው ለእሱ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ጥራጥሬ ከ20 ግራም በላይ አለው። ጤፍ እንደ ሌላው እህል ሁሉ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ እሱን በብዛት ይዘዋል። እንጀራ በሽሮ ስንበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። 50 ኪሎ የምትመዝን የ15 ዓመት ልጅ በቀን 45 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃታል። ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ ላይ እንጀራ በሽሮ፣ በመክሰስ ሰዓት አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ፣ ማታ ምስር ወጥ ካገኘች ያንን ትደርስበታለች።

ነገር ግን ሽሮው ሽሮ መሆን አለበት። እስኪ ነገ ሲሠሩ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ዱቄት በሾርባ ማንኪያ ይቁጠሩት። ለአምስት ሰው አምስት ማንኪያ ከሆነ ለአንዱ የሚደርሰው 10 ግራም ዱቄት ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያ ወጥ አይባልም፣ በርበሬ የገባበት ውኃ ነው። ለአንድ ሰው 30 ግራም፣ ማለትም ሦስት ማንኪያ ያስቡ፤ ወደ ተጋቢኖ የሚጠጋ ወፈር ያለ ሽሮ ይሆናል። እንጉዳይ ጥብስን ግን የሥጋ ምትክ አድርገው እንዳያስቡት። ሲታኘክ ይመሳሰላል እንጂ በ100 ግራሙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ያህል ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄትም ለእናንተ ቤት አያስፈልግም፤ በዚያ ገንዘብ ወተት ይግዙበት።

አሁን በእርግጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቫይታሚን ቢ12 ደም ለመሥራትና የነርቭን ሽፋን ለመጠበቅ የግድ ያስፈልጋል፤ በእጽዋት ምግብ ላይ ግን የሚታመን መጠን የለውም። በሽሮ የለም፣ በጎመን የለም፣ በጤፍም የለም። “እንጀራ ስለሚቦካ ቢ12 አለው” ሲባል ይሰማል፤ አይተማመኑበት። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም፣ የ4 ዓመት ልጅ 1.2 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ጉበታችን የዓመታት ስንቅ ስለሚያከማች እጥረቱ ቶሎ አይታይም፤ ሥጋና ወተት የተወ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት “ይኸው ምንም አልሆንኩም” ሊል ይችላል። ሲመጣ ግን እግርን በማደንዘዝ፣ መርፌ መርፌ በማለት፣ ምላስን በመላጥ፣ በድካምና በመርሳት ይመጣል፤ ነርቭ ላይ ከቆየ ደግሞ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ሌላም ተንኮል አለው። ምስርና ጎመን ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን በብዛት ስለሚሰጡ፣ ቢ12 የጎደለው ሰው የደም ማነስ ሳይታይበት ነርቩ ውስጥ ውስጡን ሊጎዳ ይችላል። “ደሜ ተለክቶ ደህና ነው ተብያለሁ” ማለት ቢ12 ተለክቷል ማለት አይደለም።

“በዓመት በዓል እንበላ የለ እንዴ?” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዕቅዳችሁ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። አንጀታችን በአንድ ማዕድ በሚገባ የሚቀበለው ቢ12 2 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ለሚተርፈው 1 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ፋሲካ ዕለት አንድ ኪሎ ሥጋ የበላና 100 ግራም የበላ ሰው በቢ12 በኩል የሚያገኙት ብዙም አይራራቅም። የዓመቱን በአንድ ቀን መጫን አይቻልም። ለዚህ ጉዳይ በየሳምንቱ የሚገኝ ትንሽ ነገር በየበዓሉ ከሚታረድ በግ ይበልጣል።

ታዲያ ከየት ይምጣ? አንድ ብርጭቆ ወተት 1 ማይክሮግራም ገደማ ይሰጣል፣ ሰውነትም በደንብ ይቀበለዋል፤ እርጎም እንዲሁ ነው። አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮግራም ያህል ቢይዝም ሰውነት ከእሱ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ንጥር ቅቤ ለወጡ ጣዕም እንጂ ለቢ12 ምንም አይፈይድም። አሳ፣ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ፣ በጣም ጥሩ ምንጭ ነው (አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ)። ከቤታችሁ በየቀኑ ሁለት ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ የሚጠጣ ሰው ይበቃዋል። የማይጠጣ ወይም ከዓመቱ ግማሹን የሚጾም ሰው ኪኒን ያስፈልገዋል።

“ኪኒን መግዛት አለብን ወይ?” ላሉት እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ ለቢ12 አዎ፤ ለሌላው ሳትመረመሩ አትግዙ። ለአዋቂ 1000 ማይክሮግራሙን በሳምንት ሁለት ጊዜ መዋጥ ይበቃል፤ ቁጥሩ የበዛው ከላይ ያልኩት 1 በመቶ ታስቦ ነው። ለልጆቹ መጠኑን የሕፃናት ሐኪም ይወስን። ፋርማሲ ሲሄዱ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ የተደባለቁበትን ኪኒን ሊያወጡልዎ ይችላሉ፤ ሰዉ እግሩን በደነዘዘው ቁጥር የሚገዛው እሱን ነው። ለወራት እንዳይቀጥሉበት። ቢ6 በከፍተኛ መጠን ረጅም ጊዜ ሲወሰድ እሱ ራሱ እግር የሚያደነዝዝ የነርቭ ጉዳት ያመጣል። ቢ12 ብቻውን ያለበትን ይጠይቁ።

ባለቤትዎ ለዚህ ነገር በእጥፍ የተጋለጡ ናቸው፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቢ12ን መጠን ይቀንሳልና። እግራቸው ቢደነዝዝ ቤተሰቡም፣ ምናልባት ሐኪሙም “ያው ስኳሩ ነው” ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሥጋ ከመተዋቸው በፊት የነበራቸውን የቢ12 መጠን ቢያውቁት ጥሩ ነበር፤ አሁንም አልረፈደም፣ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ይለካላቸው።

ወደ ጎረቤትዎ ምክር ልሻገር። ሪህ ላለበት ሰው ሽሮና ምስር ይከልከል የሚለው ነገር ከሐኪም ቤት በሚሰጡ ወረቀቶች ላይም ተጽፎ አይቻለሁ። መነሻው ግልጽ ነው፦ ጥራጥሬ ፒውሪን አለው፣ ፒውሪን ደግሞ ሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ እሱ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ ተጠራቅሞ ሪህ ያስነሣል። ነገር ግን ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት እየተከታተሉ የተደረጉ ጥናቶች የሚሉት ሌላ ነው። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙ ሰዎች በሪህ ይበልጥ ይያዛሉ፤ ጥራጥሬና አትክልት የሚያበዙት ግን አይብስባቸውም። ቅባቱ የወጣለት ወተትና እርጎ የሚያዘወትሩት እንዲያውም ይቀንስላቸዋል። ስለዚህ ባለቤትዎ ሽሯቸውን ይብሉ፣ እርጎም ይጠጡ። ከሥጋ ውስጥ ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት ለእሳቸው የከፉት ናቸው።

ደፍሬ ልጠይቅዎ፦ ድራፍት ይጠጣሉ? በደብዳቤዎ አላነሱትም። ቢራ ዩሪክ አሲድን ከፍ ከሚያደርጉ ነገሮች ዋነኛው ነው፣ ጠላም ቢሆን ነፃ አይደለም። በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ፤ ለስኳራቸውም ለሪሃቸውም ጠላት ነው። ሥጋውን ትተው ማታ ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር ሁለት ሦስት ድራፍት የሚቀጥሉ ከሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ለምንም ሥጋ ተወ ማለት ነው። የሚጾሙ ከሆነም ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት በራሱ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርገዋል፤ የሪህ መድኃኒትና ሜትፎርሚን እየወሰዱ ያንን ማድረጋቸውን ሐኪማቸውም የነፍስ አባታቸውም ይወቁት። አንድ ነገር ደግሞ፣ የጾም በያይነቱ ለስኳር ሕመምተኛ በራሱ መድኃኒት አይደለም። ወጡ ሲሳሳ እንጀራው ይበዛል። የድንች ወጥ በእንጀራ፣ በላዩ ዳቦ ሲጨመርበት ስታርች በስታርች ነው። እንጀራውን ወደ አንድ ዝቅ አድርገው ጎመኑንና ምስሩን ከፍ ያድርጉላቸው።

ከአራቱ ግን በጣም የምሰጋላት ለሴት ልጅዎ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን 15 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ለአባቷ 8 ይበቃቸዋል። ብረቱ የሚመጣው ከእጽዋት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍላጎቱ በ1.8 ተባዝቶ እንዲታሰብ ይመከራል፤ ለእሷ 27 ሚሊግራም መሆኑ ነው። “ጤፍ እኮ ብረት ነው” ይባላል። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ አልክድም። ይሁን እንጂ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አብሮ የተቀላቀለ የአፈር ብረት ነው። ላቦራቶሪው ይቆጥረዋል፣ አንጀት ግን እምብዛም አይወስደውም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ነው ያለው። እሱን የሚያላላው እርሾ ነው፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ በጣም ይቀንሳል። አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ የሚጋገረው ከዚህ አንጻር ያንሳል። በቆልትም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፦ ባቄላ ወይም ሽምብራ ነክሮ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጎንቆል እስኪያበቅል መጠበቅና ቀቅሎ መብላት። እናቶቻችን ለጾም የሚያበቅሉት በከንቱ አልነበረም።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር ነው። ቡና! ምሳ ይበላል፣ ትሪው ይነሣል፣ ረከቦቱ ይቀርባል። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከዚያ ምግብ የሚገኘውን ብረት ወደ 40 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሊቀንሱት እንደሚችሉ ተለክቷል። “እንግዲያው አንድ ሰዓት ቆይተን እንጠጣለን” የሚል አለ። ያው ልኬት እንዳሳየው ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣም ጉዳቱ አብሮ ከመጠጣት አይተናነስም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም ጉዳት አልታየበትም። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ቡናውን ከምሳ በፊት ያፍሉት፤ ወይም ከምሳው በጣም አርቀው ወደ አሥር ሰዓት ይውሰዱት። ልጅቷ ጠዋት ዳቦ በሻይ በልታ ትምህርት ቤት የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ሻዩ ይቅር። በሎሚ ውኃ ወይም በብርቱካን ይተካ።

ሎሚ ያልኩት ለማስዋብ አይደለም። ቫይታሚን ሲ የእጽዋትን ብረት አንጀት እንዲቀበለው ያደርገዋል፣ ግን ከዚያው ምግብ ጋር መበላት አለበት፤ ሙቀትም ያጠፋዋል። ድስት ውስጥ የበሰለ ቲማቲም የጥሬውን ያህል አይጠቅምም። ስንግ ቃሪያ፣ ቲማቲም ሰላጣ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ የሚጨመቅበት ሎሚ፣ ከምሳው ጋር የሚበላ ፓፓያ ወይም ዘይቱን ይሁን። ከጾም ምግቦቻችን ሁሉ ለዚች ልጅ መርጠሽ አንድ ስጪ ብባል አዚፋ እሰጣለሁ። ድፍን ምስሩ ተቀቅሎ ይቀዘቅዛል፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ጥሬውን ተከትፎ ይገባበታል፣ ሎሚና ሰናፍጭ ይጨመርበታል፤ ብረቱም ቫይታሚን ሲውም አንድ ሳህን ላይ ተገናኙ፣ እሳት የነካው ምስሩን ብቻ ነው። እሑድ ብዛት ያለው ሠርተው ፍሪጅ ቢያስቀምጡት ሁለት ሦስት ቀን የትምህርት ቤት ምሳ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ለእሷ ሥጋውን ጨርሰው ባይከለክሏት እመርጣለሁ። ሪህ የያዘው አባትየውን ነው፣ እሷን አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጉበት ብትበላ ማንም አይጎዳም። ከእጽዋቱ ጋር አብሮ ሲበላ ሥጋው የምስሩንም ብረት ይዞ ይገባል። ራሷ አልፈልግም ካለች ግድ የለም፤ ያኔ ግን ምርመራው ይጠብቅ። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፣ ፌሪቲንም ይታይላት፤ ፌሪቲን የተከማቸውን ብረት ይነግረናል፣ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። የወር አበባዋ የሚበዛ ከሆነ፣ ደረጃ ስትወጣ የሚደክማት፣ ፀጉሯ የሚረግፍ ወይም በረዶና አፈር የሚያሰኛት ከሆነ ዛሬ ነገ አይበሉ። ብረት ኪኒን ግን ሳይለካ አይጀመር።

የ4 ዓመቱ ልጅ ለማስተካከል ከሁሉም ይቀላል። የባለቤትዎ እህት ስጋት መነሻ የሌለው አይደለም፤ የትንሽ ልጅ ሆድ ጠባብ ነው፣ ቀጭን ሽሮና ጥቅል ጎመን ሆዱን ሞልተውት ኃይል ሳያገኝ ይቀራል። መፍትሔው በቀን አንድ እንቁላል፣ አንድ ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ ገንፎው ወይም አጥሚቱ ላይ የተፈጨ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ነው። በጾም ወራትም ይህ አይቋረጥበት፤ ቤተ ክርስቲያንም ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም። ከእሱ በታች ሌላ ሕፃን ከመጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እንደ ፈረንጆቹ) ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ሥጋ፣ አሳ ወይም እንቁላል በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ለትንሹ አይሰጠው፣ ትን ይለዋል። ለውዙም የሻገተ ወይም የጠቆረ እንዳይሆን፤ ሻጋታው የሚያመጣው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ መቁላትም አያጠፋውም።

አማትዎ ለብቻ ይታሰቡ። ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ወተትና እንቁላል ያሳልፋል። በዚህ ላይ ዕድሜ ሲገፋ የጨጓራ አሲድ እያነሰ ስለሚሄድ ከምግብ ያለው ቢ12 ቢበላም በደንብ አይላቀቅም፤ ከኪኒን ያለው ግን ይገባል። “እግሬን ይነዝረኛል”፣ “ሚዛኔን አልጠብቅም”፣ “ዛሬ ዛሬ እየረሳሁ ነው” ካሉ እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍ። ቢ12 በባክቴሪያ ተመርቶ የሚዘጋጅ ስለሆነ ከእንስሳ አልመጣም፤ የሽፋን እንክብሎች ግን ብዙዎቹ ከእንስሳ በሚወጣ ጄላቲን የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የሚዋጥ ጠፍጣፋ ኪኒን ይፈልጉላቸው፣ “የጾም ነው ወይ?” ብለው ቢጠይቁዎ የጄላቲን ሽፋን የለውም ብለው ይመልሱላቸዋል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ስለሚበሉ የሚቀርብላቸው ነገር ዳጎስ ያለ ይሁን፦ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ወፍራም ሽሮ፣ የተልባ መጠጥ። ፕሮቲን በዚህ ዕድሜ ከወጣት ይልቅ በኪሎ ከፍ ብሎ ነው የሚያስፈልገው፤ 55 ኪሎ ከሆኑ በቀን ወደ 60 ግራም ይሆናል። ሽማግሌ ሰው ጡንቻው ሲሳሳ ነው የሚወድቀው።

ጥቂት የወጥ ቤት ነገሮችን ላንሣ። ሽሮን የዕለት ምግብ ካደረጋችሁት ዱቄቱን በጭፍን አትግዙ። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊደባለቅ ይችላል። ጓያ ለወራት በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ሽባነቱም አይመለስም፤ በድርቅ ጊዜ ጎንደር አካባቢ፣ በደንቢያ፣ የደረሰው ይታወቃል። አንድ ቀን የበላ ሰው ምንም አይሆንም፣ የዕለት ምግብ ሲሆን ነው አደጋው። እህሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ አስፈጩት። ካልሲየም ለወተት አልባው ቀን ከሐበሻ ጎመን በደንብ ይገኛል፤ ቆስጣ ግን ካልሲየሙን ኦክሳሌት የሚባል ነገር አስሮ ስለሚይዘው አይተካውም። ተልባ ተፈጭቶ ሲጠጣ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባት ምንጭ ነው፣ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ስለ ዘይት ደግሞ፦ የጾም ወጥ ቅቤ የለውም ብለን ዘይቱን እናበዛለን። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ አቁላልተው ዘይቱን ሲደርስ ጣል ቢያደርጉበት ከግማሽ በታች ይበቃዎታል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ለባለቤትዎ ሲሉ ይቀንሱት፤ ግማሽ ያህሉ ደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት ቅባት ነው።

ስለ ራስዎ አንድም ቃል አልጻፉም። የወር አበባ የሚያዩ ሴት ከሆኑ ለልጅዎ ስለ ብረት ያልኩት ለእርስዎም ነው፣ በቀን 18 ሚሊግራም ነው መነሻው። ልጅ መድገም ካሰቡ ደግሞ ከማርገዝዎ በፊት 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይጀምሩ፣ ቢ12ዎንም ያስለኩ፤ ቢ12 ከጎደላት እናት የሚጠባ ሕፃን በወራት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻ፣ በዓሉ። ለሪህ ሕመምተኛ የፋሲካ ሰሞን ከባድ ነው፤ ከረጅም ጾም በኋላ በአንድ ቀን ዱለት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጠላና ቢራ ሲገናኙ በማግስቱ እግሩ ያብጣል። ለባለቤትዎ ከዶሮ ወጡ አንድ ብልትና እንቁላል፣ ከአይብ ጋር፣ ብዙ ውኃም ይቅረብላቸው፤ የሪህ መድኃኒት ካላቸው በዓል ነው ብለው አያቋርጡት። ዱለቱን በደንብ አብስለው ለሴት ልጅዎ ይስጧት።